የአዴ ሩቂያ እጅ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለልጄም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ላደገ ጓደኛም ቢሆን አልተናገርኩም። ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። አንባቢዬ ሆይ፣ አሁንም የምነግርህ ቀለል እንዲለኝ ብዬ አይደለም። እንቁላሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለዚህች አጭር ቃል ማብራሪያ ነው።

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግቢ የምንጋራቸው አዴ ሩቂያ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። እጃቸው በረካ አለው ይባል ነበር። ዶሮ ማስታቀፍ የፈለገ ሰው እንቁላሉን በገዛ እጁ አያስቀምጥም፤ እሳቸውን ይጠራል። ከጊንጆ ጉዱሩ ድረስ መጥተው ይወስዷቸዋል። ቢስሚላህ እያሉ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከዶሮዋ ሥር ያስገባሉ፤ በሃያ አንደኛው ቀን ቤቱ በጫጩት ይንጫጫል። ከማንም ምንም አይቀበሉም። እጃቸው ላይ ያላቸው ኩራት ግን፣ አቤት! ሻሻቸውን አስተካክለው ከግቢው ሲወጡ ለኒካሕ የተጠሩ ይመስሉ ነበር።

ልጄ ሂክማ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። በፎም ሳጥን፣ በአንድ አምፖልና በአንድ ጣሳ ውሃ ጫጩት እፈለፍላለሁ ብላ ተነሣች። ቤተሰቡ ሁሉ አብሯት አበደ። እናቷ ሙቀቱን ታነባለች፣ እኔ ክዳኑን በብርድ ልብስ ቁራጭ ለበድኩላት፣ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘን እንሯሯጣለን። አዴ ሩቂያ ሳቁብን። "ሳጥን እናት ሲሆን አላየሁም" አሉና ከገዛ ዶሮዎቻቸው ሃያ ሁለት እንቁላል አምጥተው ለሁለት ከፈሉት፤ ዐሥራ አንዱ ለሂክማ ሳጥን፣ ዐሥራ አንዱ ለቀይዋ ዶሯቸው። በአንድ ቀን ተጀመረ። ሂክማ ስታገላብጥ እንዳይምታታባት በእያንዳንዱ እንቁላል ባንዱ ጎን ጭረት፣ በሌላው ጎን ክብ በእርሳስ ጻፈች።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ እናትና ልጅ አራስ ሊጠይቁ ሰኮሩ ሄዱ። "አባ፣ ሳጥኔን አደራ!" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሽራ ሱፌን ተኩስልኝ ብሎ እየተጣደፈ መጣ። ቤታችን ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። የአምፖሉን ገመድ ነቅዬ ካውያዬን ሰካሁ። ሱፉን እንደ መስታወት አድርጌ ተኮስኩለት፤ መርቆኝ ሄደ። አምፖሉን ግን መልሼ አልሰካሁም። ማታ እንቁላሎቹን ላገላብጥ ይገባኝ ነበር፤ ደከመኝና ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ክዳኑን ስከፍት ሁሉም በርደዋል። በስልኬ መብራት አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰኞ ዕለት ውስጣቸው ሲወራጭ ያሳየችኝ እንቁላሎች አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

ለልጄ አዝኜ ነው ልበል? ለብዙ ዓመት ለራሴ እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "የኔ ቤት ሳጥን ዶሮ ያስንቃል" እያልኩ ስጎርር ከርሜ ነበር። ያዘንኩት ለአፌ ነው።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ አዴ ሩቂያ ገበያ ሄደዋል። በጠራራ ፀሐይ ማድቤታቸው ገባሁ። እኔ፣ ጎረቤት፣ ቁልፋቸውን የሚያስቀምጡብኝ ሰው! ቀይዋ ዶሮ በመንቆሯ እጄን አደማችው፤ ያን ቀን የተቆጣኝ እሷ ብቻ ናት። ዐሥራ አንዱን ሙቅ እንቁላል ወሰድኩ። የሞቱትን ምልክታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ከሥሯ አስገባሁ። ቤቴ ተመልሼ በሙቆቹ ላይ ጭረትና ክብ፣ ጭረትና ክብ እያደረግኩ ዐሥራ አንድ ጊዜ ዋሸሁ። ሚስቴ ተመልሳ እጅህን ምን ነካው ስትለኝ መርፌ ወጋኝ አልኳት። ልብስ ሰፊን ማን ይጠረጥራል?

እሑድ ዕለት ከዐሥራ አንዱ ዐሥሩ ተፈለፈሉ። ግቢው ጠበበ። ሂክማ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉላት ማን ይመስሉሃል? አዴ ሩቂያ ናቸው። ግንባሯን ሳሟት። "የኔዎቹም እስከ ማታ ይወጣሉ" አሉና ሄደው ከዶሯቸው አጠገብ ተቀመጡ።

አልወጡም። ሳምንት ሙሉ ጠበቁ፤ በመጨረሻ አንዱ እንቁላል ፈነዳና ሽታው ግቢውን ሞላው። አዴ ሩቂያ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩትና "ከዳኝ" አሉ። ዶሮዋን ሸጧት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሊወስዳቸው ሲመጣ "ከኔ እጅ በረካው ወጥቷል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ" ይሉ ጀመር። ቀስ በቀስ የሚጠራቸውም ጠፋ። እኔስ? በየጠዋቱ "እንዴት አደሩ" እላቸው ነበር። እንቁላሉን የቀየርኩት እኔ፣ በዚህ አፌ!

ሂክማ ግን በዚያ እሑድ ሰው ሆነች። ዛሬ ሦስት ትልልቅ ሳጥን አላት፤ አባቷ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፣ በእንቁላል ነገር ጅማ ውስጥ የሚደርስባት የለም። ብናገር ያንን ቀን እነጥቃታለሁ እያልኩ ዝም አልኩ። የአንዷን ደስታ ለመጠበቅ የሌላዋን ቀበርኩ።

በዚህ ክረምት አዴ ሩቂያ ደጃፍ ሄጄ የሂክማን እንቁላል በእጅዎ ያስቀምጡልን ብዬ ለመንኩ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

"ተወኝ ልጄ። ልጅቷን ላክስራት ነው?"

"ያስቀምጡ፤ ከከሰረች ኪሳራው የኔ ነው" አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ልመና እሺ አሉ። ሠላሳ አንድ እንቁላል በሠላሳ አንድ ቢስሚላህ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሃያ አንድ ቀን ካውያ አልነካሁም፤ ደንበኞቼ በተጨማደደ ሱሪ ሄዱ።

ባለፈው እሑድ ሃያ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። ሃያ ዘጠኝ! አዴ ሩቂያ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና "ኢላላ! ሐርከ ኮ ኢላላ! እጄን እዩልኝ!" እያሉ ግቢውን ዞሩት። ጎረቤት ሁሉ አብሯቸው ጮኸ፤ ሂክማ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። በማግስቱ ሁለት ሴቶች ከጊንጆ ጉዱሩ እንቁላል ይዘው መጡ። አዴ ሩቂያ ሻሻቸውን አስተካክለው ሲወጡ አየኋቸው፤ ያው የድሮው አረማመድ።

ሲያልፉ ታዲያ ምን አሉኝ? "ያኔ ሸይጣን ነው የተጫወተብኝ።"

እጃቸውን መለስክላቸው፣ ይብቃህ ትለኝ ይሆናል። የመለስኩት የነገውን ነው። ስምንቱን ዓመት ከየት አመጣለሁ? ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ቀድሜ እውነቱን ልስጣቸው። አዴ ሩቂያ ማንበብ አይችሉም፤ ይህን ወረቀት ሂክማ ታነብላቸዋለች። ልጄ፣ ሃያ ዘጠኙ የራስሽ ነውና ዐሥሩን ብትመልሺ አትደኸዪም። መሃል ላይ እንዳታቆሚ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

አዴ ሩቂያ፣ ሸይጣን አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ያ ዐሥር ጫጩት የእርስዎ ነው። እጅዎ አንድም ቀን ከድቶዎት አያውቅም።