«አደራ»ን የሰበሰቡት መምህር ጌታነህ

መምህር ጌታነህ ባለፈው ማክሰኞ ጅጅጋ ውስጥ ማረፋቸውን የሰማችሁ ሁሉ አዝናችኋል። እኔም አዝኛለሁ፤ ሐዘኔ ግን ቅሬታ ያለበት ነው። ተማሪያቸው ስለነበርኩ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ከሥራ ሲወጡ ቀበሌው በር ላይ ተቀምጠው ለማይጽፍ ሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ገንዘብ አይቀበሉም። «አደራ የሚለውን ቃል በምን በምን ጊዜ እንደምትሉት ንገሩኝና ይበቃኛል» ይላሉ። የሰሙትንም አንድ ቀን መጽሐፍ ሊያደርጉት በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ያሰፍሩታል። ጎረቤት ዘንድ የተቀመጠ ቁልፍ አደራ ነው። እናት ልጇን ለአስተማሪ ስታስረክብ «አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» ትላለች። የሚዛወር ወታደር «አደራ፣ ጻፉልኝ» ሲል ደግሞ ልመና ነው። «አደራ በላ» የሚለውን ለብቻው አስቀምጠውት ነበር። «ከዚህ የከፋ ስድብ በአማርኛ አላገኘሁም» ይሉኝ ነበር።

«ሰዓዳ፣ ልጄ፣ የእኔ ጉልበት ደክሟል፤ አንቺ ሂጂልኝ» ብለው ሶማሊዎች አደራን ምን እንደሚሉት እንድጠይቅ ላኩኝ። አራት ክረምት ሽንሌ፣ አዲጋላና ሐርተሼክ ተመላለስኩ። ሐርተሼክ ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ «እኛ በሶማሊኛ አማኖ እንለዋለን። ሬሳ ማጠብም አማኖ ነው፤ ያየሽውን ለሰው አትናገሪም» አለችኝ። ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ መጽሐፉ ላይ ስምሽ ከስሜ ጎን ይጻፋል» አሉኝ።

ሥራው አልቆ ለመምህራን ስብሰባ ያነበቡት ዕለት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሻይ ሻጯ ላይ ሲደርሱ፣ «ሐርተሼክ ሄጄ በጆሮዬ የሰማሁት ነው» አሉ። አዩኝ፤ ማንበባቸውንም ቀጠሉ። መጽሐፉም በእሳቸው ስም ብቻ ወጣ።

ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ረሳሁት» አሉኝ ግድግዳውን እያዩ። ረስተው ቢሆን ኖሮ ፊቴን ያዩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም፤ እሳቸውም አላስጠሩኝም።

መምህር፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ ደግነትዎ ያወራል፤ እውነቱን ነው። እኔን ግን ከድተውኛል። «በድዬሻለሁ» ቢሉኝ ወዲያው ይቅር እልዎት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩዎት። ስሜን ከደከምኩበት ሥራ ላይ አስቀርተው ሄዱ። እኔ ግን ይህን የጻፍኩት ስምዎን ከሥራዎ ላይ ለመፋቅ አይደለም። ደህና ይሁኑ፣ መምህር ጌታነህ።