ስማቸው የተጻፈባቸው ቅጠሎች

አክስቴ የአምባሰል ቅጠል አዋቂ ናቸው። ቁርጠት የያዘው ሕፃን ከሐይቅ ድረስ በባጃጅ ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ሲመለስ እየሳቀ ነው። ቅጠሉ ምን እንደሆነ ግን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅ አልወለዱም፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። አንድ ሰው ካልተረከባቸው ዕውቀቱ አብሯቸው መቀበሩ ነው። ያ ሰው እኔ እንድሆን ስንት ዓመት ለመንኳቸው! መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያንቺ ሆድ ደግሞ አይቋጥርም።»

እውነታቸውን ነው። የእህቴን የመታጨት ወሬ፣ ገና ሽማግሌ ሳይላክ፣ ሐይቅ ገበያ ያዳረስኩት እኔ ነኝ።

አምና ለዓይናቸው ሕክምና እኔ ወደምኖርበት ከተማ መጡ። ሞራው ተገፎላቸው አጥርተው ማየት ሲጀምሩ የዕፅዋት መናፈሻ ወሰድኳቸው። ላዝናናቸው ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው፤ ቅጠሉን ሲያዩ አንድ ነገር ያመልጣቸው ይሆናል ብዬም ነው።

ገና በሩን እንዳለፍን በየተክሉ ሥር የቆመችውን ትንሽ ቆርቆሮ አዩ።

«ምን ይላል?»

«ስሙ ነው፤ በአማርኛም በፈረንጅም።»

«ሱብሃነላህ! የሁሉንም?»

የመድኃኒት ስም ጮክ ተብሎ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል ብለው ነው የሚያምኑት። «ምነው ራቁታቸውን አቆሟቸው!» ሲሉ በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ሳነብ እሳቸው ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ቅጠል እያሹ ያሸታሉ፣ የሚያውቁትን ሲያገኙ እንደ ዘመድ «እንዴት ከረምክ?» ይሉታል። እንደዚያ ቀን ሲፍነከነኩ አይቻቸው አላውቅም።

አንድ ቁጥቋጦ ዘንድ ስንደርስ ግን ቀጥ አሉ። ቆርቆሮውን አነበብኩላቸው።

«ውሸት! እሱ አይደለም ወላሂ!» ብለው ጮኹና አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። ልቤ ዘለለ። የፈለግሁት ቅጠል ይኸው ነው!

ጩኸቱን የሰማ አትክልተኛ መጣ። «ተሳስተን ይሆን እማማ? ይንገሩኝና ላርመው» ብሎ እስክሪብቶ አወጣ። አክስቴ ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። ስህተት አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ መናገርም አይሆንላቸውም። በመጨረሻ ጆሮዬን ወደ አፋቸው ጎትተው ስሙን አንሾካሾኩልኝ።

«እንግዲህ እሷን ጠይቃት ልጄ» አሉት። «የተማረችው እሷ ናት።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። አክስቴም በአዲሱ ዓይናቸው ትክ ብለው ያዩኛል። አፌን በላኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ በልቶኝ አያውቅም።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «አላውቀውም።»

ሰውየው ቅር እያለው «እንግዲያ እስኪጣራ» ብሎ ቆርቆሮውን ነቅሎ ሄደ። አክስቴ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝና ታክሲ እስክንይዝ ድረስ መቼ እንደሚቀጠፍ፣ በምን እንደሚወቀጥ፣ ለየትኛው ልጅ እንደማይሰጥ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሁለቴም አስደገሙኝ።