የኦኒዳ የኋላ መስኮት

ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቤቱ ገብተው ዕቃውን ቢወስዱበት ሌባ ተብለው ይታሰራሉ። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጋራዡን ከፍተው፣ መኪናውን አውጥተው፣ አልፈልግም ያለውን ሥራ ሠርተውበት ቢመልሱለት ግን ይጨበጨብላቸዋል። ኦኒዳ ስካግስ ላይ የተሠራው ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ኦኒዳ ጎረቤቴ ናት። እዚሁ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ ውስጥ አጥር ለአጥር ስንኖር እኔም አረጀሁ፣ እሷም ሰማንያን ደፈነች። ዕድሜዋን የፈጀችው የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ነው። አውቶቡሱን ከማስነሣቷ በፊት ወርዳ ዙሪያውን ትዞረው ነበር፤ በረዶ ቢወርድም፣ ዶፍ ቢዘንብም ትዞረዋለች። ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ሚስ ኦኒዳ፣ ጎማው ጠፋ እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም «ጎማውስ አለ፣ የጠፋው ያንተ የቤት ሥራ ነው» ብላ ትወጣና መሪዋን ትይዛለች። እንዲህ ነች፤ ምላሷ የሰው ዕዳ አያሳድርም።

ከአውቶቡሱ ስትወርድ የምትነዳው ያን ኮርቬት የሚባለውን ሰማያዊ የስፖርት መኪናዋን ነው፤ የስድሳ ሦስት ሞዴሉን። ባሏ ዴልበርት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ ጦር ሜዳ ከሚሄድ ወታደር ላይ ነው የገዛው። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን መኪና ብርድ ልብስ አልብሶ ጋራዥ ውስጥ ያስተኛዋል። ኦኒዳ ግን የውሻ ምግብ ትጭንበታለች፣ የቲማቲም ችግኝ ትጭንበታለች። መኪናው ከኋላ የሚከፈት የዕቃ መጫኛ የለውም፤ ማንኛውም ነገር የሚገባው በወንበሮቹ ላይ እየተንጠላጠለ ነው። «ይሄን የሠራው ሰው ሚስት አልነበረችውም፣ ብትኖረውም ገበያ ልኳት አያውቅም» ትላለች ጆንያውን እየጎተተች። የፊት መብራቶቹ ሲፈለጉ ተገልብጠው የሚወጡ ሲሆኑ አንደኛው ሁልጊዜ ይዘገያል። መኪናው እንደሚጠቅስ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመጣ ኦኒዳ መሆኗን ከሩቁ እናውቃለን።

እንግዲህ ጠቡ ያለው የኋላ መስታወቱ ላይ ነው። በስድሳ ሦስት ብቻ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሳይደገም፣ የመኪናው የኋላ መስታወት ሁለት ተደርጎ ተከፍሎ ነበር። ከጣሪያው የሚወርድ እንደ አከርካሪ ያለ ነገር መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ሲያዩት ያምራል። ውስጥ ተቀምጠው ወደ ኋላ ሲያዩ ግን የሚታየው ያው አከርካሪው ነው። በማግሥቱ ዓመት ፋብሪካው ተወው። በዚያ ዘመን ታዲያ ባለ ስድሳ ሦስቶቹ መጋዝ እያነሡ አከርካሪውን ቆርጠው አንድ ወጥ መስታወት ያስገቡ ነበር። ዴልበርትም ቆረጠ፤ ያውም አጣሞ። ኋላ ዘመን ሲገለበጥ ያ የአንድ ዓመት አከርካሪ ብርቅ ሆነ፣ የቆረጠው ሁሉ ደግሞ ጅል ተባለ። የእኛ ከተማ ወንዶች «የተቆረጠ ነው» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ነው።

እነዚህን ወንዶች ማወቅ ያስፈልጋል። በባትሪ መብራት መኪና ሥር ተኝተው የቡሎን ራስ ላይ የተቀረጸ ምልክት ያነባሉ። ከስንት ዘመን በፊት አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በጠመኔ የጫረውን ጭረት ፈልገው ካጡት፣ ራሳቸው መልሰው ይጭሩታል፤ ከዚያ ጠመኔው ቢጫ ነበር ነጭ ነበር ብለው ይኳረፋሉ። ለእነሱ መኪና ማለት ከፋብሪካ የወጣ ዕለት ያለው መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው የኖረበት ዘመን ሁሉ እድፍ ነው፤ ታጥቦ መጥፋት አለበት።

አለቃቸው ላይል ፔንሮድ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ አሁን የከተማችን የኮርቬት ክለብ ሊቀ መንበር ነው። የራሱን ኮርቬት ነድቶት አያውቅም ብል አልዋሸሁም። ተጎታች ላይ ጭኖት ይሄዳል፣ አሳይቶት ይመለሳል። ኦኒዳን ባገኛት ቁጥር ይነካካታል።

«ሚስ ኦኒዳ፣ ዴልበርት ያን ቀን ምን ጠጥቶ ነበር?»

«ውሃ። አንተ ምን ጠጥተህ ነው በየሳምንቱ የምትጠይቀኝ?»

አንድ ቀን ግን ቁም ነገር ይዞ መጣ። እኔም እዚያው በረንዳዋ ላይ ነበርኩ። «ክለቡ ተመካክሯል» አላት። «አከርካሪውን እንመልስልዎታለን። እርስዎ ምንም አያወጡም፤ ጉልበቱም የእኛ፣ ዕቃውም የእኛ።»

«አልፈልግም።»

«ግን እኮ በነፃ ነው የምንልዎት።»

«በነፃም አልፈልግም። መስኮቴን እንዳትነኩብኝ፣ ላይል። ሰምተኸኛል?»

ሰምቶ ሄደ። እኔ «ምን አለበት፣ ቢሠሩልሽስ?» ብላት ወደ ጋራዡ ዞር ብላ አየች። ከዚያ «ግሌና፣ ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። እንዲህ ካለች ወዲያ ኦኒዳን በጉጠትም ጎትተሽ ቃል አታወጪባትም። ተውኳት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በረዶ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ከዚያ እንደ ሕፃን መራመድ ለመማር ማገገሚያ ገባች። እኔ ውሻዋን ወደ ቤቴ ወሰድኩ። የመኪናውን ነገር ልጇ ሮይስ «እኔ አለሁበት» ብሎ ቁልፉን ወሰደ። ሮይስ ሉዊቪል ነው የሚኖረው፤ ስድሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ነው ጉድ ያመጣው።

የክለቡ ትልቅ ትርዒት ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የአሳማ ሥጋ የገባበት ብስኩት ልሠራላቸው ተስማምቼ ስለነበር ስንት ሰው እንደሚመጣ ልጠይቅ ላይል ጋራዥ ሄድኩ። ስገባ ሰማያዊው መኪና ቆሟል። ከጀርባው ዞር ስል አከርካሪው አለ፤ ተጣብቆ፣ ተልጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ግራና ቀኙ ሁለት መስታወት ገብቶ።

«ላይል፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ነገ ለሚስ ኦኒዳ የልደት ስጦታ ነው። አፍሽን ዝጊ እንግዲህ።» ፈገግ ብሏል እኮ!

«አልፈልግም ብላሃለች። እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«ልጇ ፈቅዷል። ደግሞ ግሌና፣ እንዲህ ያለ መኪና የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የታሪክ ነው።»

«ታሪክ ነው ዘይት የሚቀይርለት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ» ብዬው ወጣሁ። ብስኩቱንም ራስህ ጋግር አልኩት።

ለሮይስ ደወልኩ። «አልፈልግም ብላለች እኮ፣ ልጄ!»

«ግሌና፣ እማ ሁሉንም ነገር አልፈልግም ነው የምትለው። ስልክ ስገዛላት አልፈልግም አለች፣ አሁን ማን ያስጥላት? አባዬ ያበላሸውን ነው ያስተካከልንላት። ስታየው ታለቅሳለች፣ አየሽ።»

እኔ ውጬ የማድር ሰው አይደለሁም። በቀጥታ ማገገሚያው ሄጄ ነገርኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መራመጃዋን ይዛ ሰማችኝ። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

«ሮይስም አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው ነገ ውሰጂኝ።»

በማግሥቱ መናፈሻው ሣር ላይ ኮርቬት በኮርቬት ሆኖ ጠበቀን። ኮፈናቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፣ ባለቤቶቹ በሚታጠፍ ወንበር ከኋላቸው ተቀምጠው ጣፋጭ ሻይ ይጠጣሉ፣ የትርዒቱ ዳኞች አጎንብሰው ሞተር ያሸታሉ። የኦኒዳ መኪና መሃል ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ላይል ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ ስለ ቅርስ፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ክለቡ ትጋት ተናገረ። «ጠማማውን አቃንተናል» አለ። ጨርቁ ተገፈፈ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ልዋሽ አልችልም፤ ያምራል። ከጣሪያው እስከ ጭራው ያለው መስመር ምራቅ ያስውጣል። ያማረ ነገር ያለ ፈቃድ ሲሠራ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል፣ ምክንያቱም የሚናደደው ሰው ክፉ መስሎ ይታያል።

ሮይስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እናቱን ያያል። እሷ በመራመጃዋ ቀስ ብላ ሄዳ አከርካሪው ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ «በሩን ክፈትልኝ» አለችው። ደግፎ አስገባት። መሪው ጀርባ ተቀመጠች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች። አንዳንዱ ልትነዳው ነው ብሎ ስልኩን አወጣ።

«ሮይስ፣ ከመኪናው ኋላ ሂድ።»

ሄደ።

«ቁጭ በል። ዝቅ ብለህ፣ እንደ ሕፃን።»

ሰዉ ሳቀ። ሮይስም እየሳቀ ያን ግዙፍ ገላውን አጥፎ ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለ።

«አለህ?»

«አለሁ፣ እማ።»

«አላይህም» አለች። ሳቁ ቀጥሎ ነበር። «ያን ጊዜም አላየሁህም።»

እኔ በሩ አጠገብ ስለቆምኩ ፊቷን አያለሁ። ስፖኪዮው ላይ እንዳፈጠጠች ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ሦስት ዓመትህን አልደፈንክም ነበር። አያትህ የገዛችልህ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበረችህ። በዚሁ መኪና ከግቢ ወደ ኋላ ስወጣ ከሥሬ ቀጭ ሲል ሰማሁ። መውረድ አቃተኝ። አባትህ ሮጦ መጥቶ ብስክሌቷን ከጎማው ሥር መዝዞ አወጣ፤ ባዶዋን ነበረች። አንተ ድመት ተከትለህ ወርደህ አጥሩ ጥግ ቆመሃል። ትስቃለህ። ወዲያው መጋዝ አመጣ። ጠማማ የሆነው ጠጥቶ አይደለም፣ ላይል። እጁ አልቆም ብሎት ነው።»

ስልኩን ያወጣው ሁሉ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ሮይስ፤ አሁንም ከመኪናው ኋላ ነው ያለው።

«ለልጅ እናትህ ልትገድልህ ነበር ተብሎ አይነገርም አለ አባትህ። እኔም እሺ አልኩ። ያን መስኮት ባየሁ ቁጥር የማየው አንተን ነበር።»

ላይል ድምፅ ማጉያውን ሣር ላይ አስቀመጠ። «ሚስ ኦኒዳ፣ እኛ እኮ አላወቅንም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ምክንያቱን አላወቅክም፤ አልፈልግም ማለቷን ግን ታውቅ ነበር» አልኩት። «ሰው ንብረቱን አትንኩብኝ ለማለት ደግሞ ልጁን ሊገድል እንደነበር ማስረዳት አለበት?»

ሮይስ ተነሣ። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። «መጋዝ ያለው ሰው አለ?» አለ። ሣሩ ሙሉ የዕቃ ሣጥን ነው፣ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ላይል ክንዱን ያዘው። «ተረጋጋ፣ ሮይስ። እንዲህ ያለ ሥራ ሁለተኛ አይገኝም። ሌላ ቀን ተቀምጠን እንነጋገርበት።» ሮይስ የላይልን እጅ ከክንዱ ላይ አነሣ። እኔ የላይልን የራሱን ሣጥን ከፍቼ መጋዙን አወጣሁና ለሮይስ ሰጠሁት። ደስ እያለኝ ነው የሰጠሁት።

የኮርቬት ገላ ብረት አይደለም፣ ፋይበር ነው፤ መጋዝ ሲነካው ነጭ ዱቄት ይተፋል። ሮይስ ከላይ ቆረጠ፣ ከታች ቆረጠ። ዱቄቱ ፀጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ተከመረ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ባትሪውን ኪሱ ከትቶ፣ መጥቶ መስታወቶቹ እንዳይወድቁ ደግፎ ያዘለት፤ ሲላቀቁም አንድ በአንድ ተቀብሎ ሣሩ ላይ አስተኛቸው። ሌሎቹ ወንዶች ሬሣ እንደሚያዩ ቆመው ያያሉ። አከርካሪው ወደቀ። ነፋሱ በተከፈተው ቦታ ገብቶ የኦኒዳን ሻሽ አንቀሳቀሰው።

እሷ ከመሪው ጀርባ አልተነሣችም፤ ስፖኪዮውን እንደገና አስተካከለች።

«ሂድና ቁጭ በል» አለችው።

ሮይስ ያ ዱቄት ሁሉ እንዳለበት፣ መጋዙን በእጁ እንደያዘ፣ ዝቅ ብሎ ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለ። ረጅም ጊዜ አየችው።

«አየሁህ» አለች። «በቃ ተነሥ፣ ሱሪህን ሣር አበላሸው።»