አባቴ ከብስክሌት የወረደባት ዳገት

በዚያ እሑድ የነበርነውን አንድ በአንድ ልቁጠር። አባቴ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ማርሽ በሌለው ጥቁር ብስክሌቱ ላይ። ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ከፊቱ ቅርጫት ያለው ቀይ ብስክሌት ከጎረቤት ተውሳ። ጓደኛዬ ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሲያወራ እጁ አርፎ ስለማይቀመጥ መሪውን ለቆ ይነዳል። እኔ ነበርኩ፤ ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች ገጣጥሜ በሠራሁት ላይ፣ እንደ ወትሮዬ ከሁሉም ኋላ። እናቴ በሚኒባስ ነበረች። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሳጉሬ ቤቷ ምሳ አዘጋጅታ ትጠብቀን ነበር። ስድስት ነን። ፈረሰኞቹን አልቆጠርኩም፤ ስንት እንደነበሩ እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቴ ሥራ የጀመረው በፈረስ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ከብት ሲከትብ በፈረስ ይሄድ ነበር። ፈረሱ ሲያረጅ ብስክሌቱን ገዛ፤ የፈረሰኛነት ጠባዩን ግን አልተወም። ሁልጊዜ ከግራ በኩል ይወጣል። ፍሬኑን «ልጓም» ይለዋል። ሲያቆመው መቀመጫውን ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል። ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ይወርዳል። በእኛ አካባቢ ለቅሶ አይቶ ከፈረሱ ሳይወርድ የሚያልፍ ሰው የለም፤ አባቴ ደግሞ ፈረስና ብስክሌት ለይቶ አያይም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ጭቃ ላይ ወድቆ የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። እናቴ ብስክሌቱን እቃ ቤት አስገብታ ቆለፈችበት። እጁ ከዳነ በኋላም ቁልፉን አልሰጠችውም። እሱም ብስክሌቱን ብሎ አልጠየቀም። «መዶሻ ልፈልግ» ብሎ ቁልፉን ይቀበላል፣ እቃ ቤት ገብቶ ይቆያል፣ ያለ መዶሻ ይወጣል። አንድ ቀን ተከትዬው ገብቼ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ሲጫን አገኘሁት። «አየሩ ወርዷል» አለኝ። በማግስቱ የሁለቱንም ጎማ ካላማዳሪያ ቀየርኩለት፣ ካቴናውን በጋዝ አጠብኩት። ፍሬኑን ግን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ብገጥመውም ሲያዝ መጮሁን አልተወም።

እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች። በመጨረሻ ውሉን ያመጣችው እሷ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳጉሬ ከመግባትህ በፊት ያለውን ዳገት ታውቀው የለ? ከድልድዩ እስከ አናቱ ሳትወርድ ከወጣህ ሳይክሉ ያንተ ነው። መሃል ላይ ከወረድክ ግን ጉልበትህ አልቋል ማለት ነው። ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛም እንዳታነሳብኝ።»

«ማን ይመሰክራል?» አለ አባቴ።

እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እሱ። የሌለ አይጨምርም።»

ኅዳር መግቢያ ላይ ነበር፤ የስንዴ አጨዳ ጊዜ። ከቅዳሴ መልስ ከአሰላ ስንወጣ የጭላሎ አናት ላይ ደመና አልነበረም፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ሣር ግን ገና እርጥብ ነበር። አባቴ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የሱሪውን የቀኝ እግር በካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። ከከተማው ሳንርቅ የእናቴ ሚኒባስ ደረሰብን። አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ኮትህን ቆልፈው!» ብላ ጮኸች። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ አባቴ ግን በቁም ነገር አንድ እጁን ለቆ ኮቱን ቆለፈ።

ትንሽ እንደሄድን መንገዱን ሙሉ የያዘ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መጣብን። አራታችንም ዳር ያዝን። ገለባው እንደ ካፊያ ወረደብን፤ እህቴ ፀጉሯ፣ ቅርጫቷ፣ አፏ ሳይቀር ገለባ ሆነ። ጓደኛዬ እያየ ሳቀባት።

«እኔ ጋ እንዳትመጪ፤ ይሄ የመቀስ ሳይሆን የማጭድ ሥራ ነው።»

«አንተ ራስህ የምትቆርጠው በማጭድ አይደል እንዴ?» አለችው። «የወንድሜን ማጅራት እያየሁ ነው የምነዳው፤ ምስክር አለኝ።»

እኔ በዚያን ጊዜ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ማጅራቴን ልታይ አትችልም።

ቀጥሎ ሁለት ሯጮች አለፉን። ከበቆጂ በኩል መጥተው የሚመለሱ ይመስሉኛል፤ እኛ መለስተኛ ዳገት ላይ እያቃሰትን ሳለ ያለ ድምፅ ደርሰው፣ በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተው፣ ራቁ። ጓደኛዬ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጮኸባቸው፤ አንደኛው ዞሮ ሳይቆም መለሰለት። «ምን አልካቸው?» አለ አባቴ፣ ኦሮምኛውን ከሁላችንም አብልጦ እያወቀ።

«አባባ፣ ሰምተዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። እህቴ ቤት ስንደርስ ትደግመዋለህ ወይ ነው የምልህ።»

ወደ ድልድዩ የሚወስደው ቁልቁለት ረጅም ነው። በሁለቱም በኩል ያልታጨደ ስንዴ ነበር፤ ነፋሱ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ያስተኛዋል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አባቴ ፔዳሉን መምታት አቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ፍሬኑን ለቀቀው። የቆለፈው ኮት ተከፍቶ ከኋላው ተንሳፈፈ። «ቼ!» ሲል ሰማሁት። ብስክሌቱን ነው ቼ የሚለው። እህቴ እየጮኸች ተከተለችው። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ ፍሬኔን ለቅቄ ወረድኩ፤ ዓይኔ በነፋስ አነባ። ከዚያ ቀን ሁሉ አንዲት ደቂቃ ምረጥ ብባል ያችን ነው የምመርጠው።

ድልድዩ ላይ ቆመን ውሃ ጠጣን። አባቴ ኮቱን አወለቀና በኋላ መጫኛው ላይ አሰረው። «በሉ» አለ። ከግራ በኩል ወጣ።

ዳገቱ አናቱ አካባቢ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከታች ሲታይ መጨረሻው አይታወቅም። እህቴና ጓደኛዬ ማርሽ ስላላቸው ቀደሙ። አባቴ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ መንገዱን ከዳር ዳር እያቋረጠ፣ ወጣ። እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው ነበርኩ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ በላብ ጠቆረ። ሁለት ሦስተኛውን ጨርሰን መታጠፊያው ሲቃረብ የእኔ ካቴና ወለቀ። ወርጄ ጎንበስ አልኩ። ካቴናውን ጥርሱ ላይ እየመለስኩ ሳለ ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ፤ የአባቴ ፍሬን ነው፣ ያንን ድምፅ አላጣውም። ቀና አልኩ።

አባቴ ቆሟል። ከብስክሌቱ በስተግራ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ። ከመታጠፊያው ፈረሰኞች ይወርዱ ነበር፤ ከቀብር የሚመለሱ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ የፈረሶቻቸው ግንባር በቀይ ጥለት የተሸለመ። አስር፣ ምናልባት አሥራ ሁለት። ከላይ እህቴና ጓደኛዬም ወርደው ቆመዋል። አባቴ በኦሮምኛ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» አላቸው። አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ገታ አደረጉና ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዶክተር፣ አንተ ነህ? ያንን የብረት ፈረስ አልሸጥከውም?»

«አልሸጥኩትም» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ ፈረሳቸው እግር እያየ፣ «የኋላ ግራውን ያነክሳል፤ ኮቴውን ያሳዩት» አላቸው።

ሲያልፉ ጓደኛዬ ወደ ታች ወርዶ መጣ። ማርሽ በሌለው ብስክሌት ከዳገት መሃል መነሳት ከባድ ነው። ከኋላው ሊገፋለት መጫኛውን ያዘ።

«እጅህን!» አለ አባቴ።

«አባባ፣ ማንም አያይም።»

«እሱ ያያል» አለ፣ እኔን ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነም፤ በሦስተኛው ብስክሌቱን ወደ ጎን አዙሮ ተነሳ። እህቴ መሃል መንገድ ቆማ፣ ከላይ የሚመጣውን አይሱዙ በሁለት እጇ አስቆመችለት። አናቱ ላይ ወጣ።

የአክስቴ ግቢ ደጃፍ ላይ እህቴ ክንዴን ይዛ «አስበህ ተናገር» አለችኝ። ውስጥ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አክስቴ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጩኮ በሳህን ወደ አባቴ ስታስጠጋ እናቴ እጇን ዘርግታ አቆመቻት።

«መጀመሪያ ይመስክር። ወረደ?»

«ወረደ» አልኩ።

አባቴ እጁን እያየ ነበር።

«ለለቅሶ ነው!» አለ ጓደኛዬ። «እማማ፣ ሬሳ ቀብረው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፣ አባባ ምን ያድርጉ?»

«አንተን አልጠየቅሁም። ሳይደክመው ነው የወረደው፣ ወይስ ደክሞት ሳለ ለቅሶ ደረሰለት?» አለችኝ።

«ሲወርድ አላየሁም፤ ካቴና ላይ ነበርኩ። ፍሬኑ ሲጮህ ግን ሰምቻለሁ። ደክሞት የቆመ ሰው ዳገት ላይ ፍሬን አይዝም። ብስክሌቱ ራሱ ይቆማል።»

እናቴ አሰበች። ወደ አባቴ ዞረች። «አንተስ?»

«ሰው ሞቶ ስለ ዳገት ይወራል?» አለ።

አክስቴ ሳቀች። እናቴ ከመቀነቷ የእቃ ቤቱን ቁልፍ ፈታችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። «ለለቅሶ የማይወርድ ባል ብፈልግ ኖሮ ሌላ አገባ ነበር» አለች። «ክረምት ላይ ግን አትነዳም።» ከዚያ ጩኮው ዞረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን በሳምንቱ ብቻዬን የአባቴን ብስክሌት ይዤ ወደዚያ ዳገት ሄድኩ። እዚያው ቦታ እስኪደክመኝ ነድቼ እግሬን መሬት አሳረፍኩ። ብስክሌቱ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል እጄ ሳላዘው ፍሬኑን ያዘ። ጮኸ። ያው ድምፅ። ስለዚህ ምስክርነቴ ውሸት ባይሆንም ምንም አያረጋግጥም ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። «ቁልፉን ላስመልስ?» አለችኝ፤ አይ አልኳት። «እንግዲያ ሂድና እጅህን ታጠብ፤ የብስክሌት ግራሶ ነክቶሃል» አለችኝ።

አባቴን ደግሜ አልጠየቅሁትም። አሁን በየእሑዱ አብረን እንወጣለን፤ ቁልፉም እሱ ኪስ ነው። ያላለቀው ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እናንተ ጨርሱልኝ። እህቴ፣ ፈረሶቹን ካየሽ በኋላ ዞረሽ አባዬን ቆሞ እስክታይው ድረስ ስንት ጊዜ ፔዳል መታሽ? አንድ ቀን «ሁለት» ብለሽኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ «አስር» ይላል። ሁለታችሁም ተስማሙና ንገሩኝ። አክስቴ፣ አባዬ በበሩ ሲገባ ፊቱን መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ምን ይመስል ነበር? እናንተ ፈረሰኞችም፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ፦ ከመታጠፊያው ብቅ ስትሉ ያ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ገና እየነዳ ነበር ወይስ ቆሞ? የሽማግሌው ፈረስ ኮቴስ ዳነ? አባቴ ይህን ሁለተኛውን ደጋግሞ ይጠይቃል።