የተዋስነው ልቅሶ

የወንድሜን መገደል የነገረችኝ አብሮት የታሰረ ልጅ እናት ናት። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሁለት ቃል ነገረችኝና ዞር ሳትል ሄደች። በዚያ ዘመን መንግሥት ለገደለው ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለም፣ ተቀምጦ ማዘን የለም፣ ከል መልበስ የለም። እናትና አባታችን ቀደም ብለው ስላረፉ ደብረ ታቦር የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ እስከ ሥራ መውጫ ታይፕ ስመታ ዋልኩ። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

እንባ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ጥንካሬ መሰለኝ፤ ኮራሁበትም። ቀጥሎ እንቅልፍ ጠፋ፣ ከዚያ ምግብ። በሁለተኛው ወር መንገድ መሐል ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኝ ጀመር። መሞቴ ነው ብዬ አሰብኩና ምንም አልመሰለኝም። ዛሬም ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ ምንም አለመምሰሉ ነው።

በግቢያችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ እሳቸው ስድሳን ያለፉ፤ ግን ጓደኛሞች ነበርን፤ ሌላ ስም አላውቅለትም። ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቁጭ ብለን ጥጥ እንፈትላለን። የእኔ ክር ለገመድ እንጂ ለጋቢ እንደማይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። እኔ ደግሞ የሬዲዮ ወሬ ሲያወሩ እንዴት እንደሚያዛቡት እያስመሰልኩ አስቃቸዋለሁ። ከወንድሜ ሞት ወዲህ ግን እንዝርቱን ይሰጡኛል፣ እይዘዋለሁ፣ ግን አላሾረውም።

አንድ ዓርብ እንዝርቱን ከእጄ ቀሙኝ።

«ያላለቀስሽው ነው የሚገድልሽ» አሉ። «እኔ ደግሞ አንቺን አልቀብርም። ነገ ጠዋት ጉና ያለው ወንድሜ ይሞታል።»

ነገ የሚሞትን ሰው ዛሬ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። ደህና ነው፣ ድንቹን እየኮተኮተ ነው አሉኝ። የምር አእምሯቸውን የሳቱ መሰለኝ። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ፈራሁ፤ ቢታወቅ ሁለታችንንም ይዘው እንደሚሄዱ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ለወንድም ማልቀስን የሚከለክል ካለ ይምጣና ይንገረኝ ብለው ለንፍሮ የሚቀቀል ስንዴ መልቀም ያዙ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን በጩኸት ቀወጡት። ወንድሜን፣ ወንድሜን ይላሉ። ደጄ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ያንን ቃል ጮክ ተብሎ ሲባል ከሰማሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ፤ አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር። ወንድሜን እያልኩ ደረቴን መታሁ። እንባዬ መጣ፤ መጥቶም አልቆም አለ።

ዐሥር ሰው ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። እኩለ ቀን ላይ መቀመጫ ጠፋ። ያቺ በአጥሩ ሥር ያገኘኋት እናት መጣች፤ ልጇ ከታሰረበት ያልተመለሰላት ሌላ እናትም መጣች። አይተውት ለማያውቁት የጉና ገበሬ ፊታቸውን ነጩ። ማን ለማን እንደሚያለቅስ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ትንፍሽ አላለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የደረቡ፣ ጭቃ በጭቃ የሆኑ ሽማግሌ በበቅሎ መጡ። ከበሩ ጀምረው እየጮኹ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ማን እንደሆኑ እማማን በጆሯቸው ጠየቅኋቸው።

«ሟቹ ነው» አሉኝ።

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነከስኩ። በዚያው ቅጽበት ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ በሩ ላይ ቆመ። ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንደተሰበሰበ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ጮክ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ወንድማችን ነው። እኔም ለዚሁ ከጉና መምጣቴ ነው። ተቀመጥ ልጄ፣ ልቅሶ ቤት ቆመህ አትጠይቅ።»

ልጁ አፈረ መሰለኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ፣ አንድ እፍኝ ንፍሮ ቃመ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው በቅሏቸውን ሲጭኑ፣ በቁማቸው ሲለቀስላቸው ሟርቱን አልፈሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እማማ በገበያተኛ ልከው ልግደልህ ወይ ብለው አስፈቅደዋቸው ኖሯል፤ እሳቸውም ግደይኝ፣ መጥቼ አብሬሽ አለቅሳለሁ ብለው መልሰዋል።

«እኔ ቀኔ ሲደርስ አገር ያለቅስልኛል» አሉኝ። «ወንድምሽ ግን አልቃሽ አጣ። የእኔን ይውሰድ።»

ያን ሰሞን እንቅልፍ ተመለሰልኝ። ሳምንት ሳይሞላ እንዝርቱ በእጄ ዞረ፤ ክሬ አሁንም ወፍራም ነበር፣ እማማም ይህንን ለሰፈሩ አዳረሱት። በዚያ ሳቅኩ። ሐዘኑ አልሄደም፤ እኔ ግን ተመልሼ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ጉና ላይ የምር ሞቱ። የእማማ ጉልበት ደክሞ ስለነበር እኔ እንድሄድላቸው አዘዙኝ፤ ባያዙኝም እሄድ ነበር። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ይህች የከተማ ሴት ምናቸው ናት እያለ ሰዉ ተጠያየቀ። ወንድሜን እያልኩ ከማንም በላይ ጮኽኩ። ለራሴ ወንድም የሚሆን አንዲት እንባ እንኳ አልቀላቀልኩበትም፤ የዚያን ቀን ልቅሶ ሙሉውን የእሳቸው ነበር።