ሐጂ የጻፉት ቼክ

ዳውንታውን ኦክላንድ፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ የሰው ታክስ እሠራለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ያገሬ ሰዎች ናቸው። የዓመት ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው ይመጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ቁጡ ናት እየተባልኩ እታማለሁ፤ ሐሜቱም እውነት ነው። ቢሆንም በዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ አልዋሽም። ይህ ጠባዬ ሰውን ይጠቅማል ብዬ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ።

ገንዘብ ያዥ ያደረጉኝም ለዚሁ ጠባዬ ነው። ነገሩ የተጀመረው ከሾፌሮቻችን ነው። ጠዋት ተነስተው ተሳፋሪ የሚያገኙበትን የስልክ አፕ ሲከፍቱ ተዘግቶባቸው ያገኙታል። ለምን እንደተዘጋ የሚነግራቸው ሰው የለም፤ ኢሜይል ይጽፋሉ፣ ማሽን ይመልስላቸዋል። ለካሊፎርኒያ ምክር ቤት የምትወዳደር አንዲት ሴት፣ ብመረጥ ሾፌር ከመባረሩ በፊት ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማው የሚያስገድድ ሕግ አቀርባለሁ ብላ ቃል ገባች። እኛም እሷን የሚደግፍ የፖለቲካ ኮሚቴ አቋቋምን። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ኮሚቴ ለምርጫ ገንዘብ ሲሰበስብ በግዛቱ መንግሥት ይመዘገባል። መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠውን ሰው ሁሉ ስሙን፣ ከተማውን፣ ሥራውንና አሠሪውን ጽፎ ያስገባል፤ ዝርዝሩም ማንም እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል።

ሊቀመንበራችን በርክሌ የሚኖሩ፣ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ ጡረተኛ መምህር ናቸው። መግለጫ መጻፍ ይወዳሉ፤ አንድ ስብሰባ ሳይጠናቀቅ የአቋም መግለጫው ተዘጋጅቶ ያድራል። ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ማግኘት ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ ሐጂ ዘንድ ሄድን።

ሐጂ ሳን ሆዜ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፣ እንደ ሌሎቹ ሾፌር። አየር ማረፊያው አጠገብ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ግን እንደ አባት ነው የሚታዩት። አንዱ ሲታመም፣ አንዱ ሬሳ ወደ አገር ቤት ሲልክ፣ አንዱ አፑ ተዘግቶበት ኪራዩን ሲያጣ የሚያሰባስቡለት እሳቸው ናቸው። የራሳቸውም ጭንቅ ነበረባቸው። ኮምቦልቻ ከአክስቷ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው። እሳቸው ሲሰደዱ እናቷ ልጄን አልለይም ብላ ይዛት ቀረች፤ ኋላ እናቲቱ ሞተች። ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ሐጂ ዜግነት ካገኙ ቶሎ ትመጣለች። ከሞላት ግን በግሪን ካርዳቸው ያስገቡላት ማመልከቻ ወረፋ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠበቃቸውም ደፍሮ አይናገርም። የዜግነት ማመልከቻቸውን አብሬያቸው የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቀው የመኖሪያ ጊዜ እስኪሞላ ጥቂት ወር ጠብቀው ማስገባት ብቻ ነበር የቀራቸው። ቢሮዬ በመጡ ቁጥር የልጅቷን ፎቶ ከስልካቸው ያሳዩኛል። እኔም ፎቶው ያው ቢሆንም «ማሻአላህ፣ አድጋለች» እላቸዋለሁ።

ሐጂ ለኮሚቴው አንድ ቼክ ይዘው መጡ። በራሳቸው ስም የተጻፈ ነው፣ ለሾፌር ግን በዛ ያለ።

«ሐጂ፣ ይኼ አልበዛም?» አልኳቸው።

«አብሽሪ። አላህ በረካ ያድርገው ብለሽ ዲፖዚት አድርጊው» አሉኝ።

ዲፖዚት አደረግኩት። ስማቸውን፣ ከተማቸውንና ሥራቸውን ጻፍኩ፤ ሪፖርቱንም በቀኑ አስገባሁ። ሊቀመንበራችን ደስ ብሏቸው መግለጫ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ በራሪ ወረቀት ላድል ሳን ሆዜ፣ ሾፌሮቹ ሜዳ ሄድኩ። አንዱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ገንዘባችን ደረሰሽ?» አለኝ።

«የምን ገንዘብ?»

«ሐጂ የሰበሰቡት ነዋ። ቼኩን አልሰጡሽም?»

በራሪ ወረቀቱን ትቼ ሐጂን ፈለግኩ። ሐጂ መኪናቸው ውስጥ ነበሩ፤ ከጎናቸው ገብቼ ተቀመጥኩና ጠየቅኳቸው። ምንም ሳይደብቁ፣ ሳያፍሩም ነገሩኝ። ለታመመ ሰው እንደሚያደርጉት ነው ያደረጉት። ጥቁር ፌስታል ይዘው በየመኪናው ይዞራሉ። ሰጪው የጨበጠውን ፌስታሉ ውስጥ ያስገባል፤ ሐጂ በዚያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሌላ በኩል ያዞራሉ። ማን ብዙ ሰጠ፣ ማን ጥቂት ሰጠ፣ ማን ባዶ እጁን ጨብጦ አስገባ፣ አያዩም። የሌለው እንዳያፍር፣ ያለውም እንዳይኮራ ነው። ከዚያ ገንዘቡን ባንክ አስገብተው ቼክ ይጽፋሉ። ለሆስፒታልም፣ ለቀብርም፣ ለአከራይም ሲጽፉ የኖሩት እንዲሁ ነው። ደሴም ልጅ ሆኜ አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ። ከዚህ የተሻለ የአሰጣጥ ወግ አላውቅም።

በምርጫ ሕጉ ግን ወንጀል ነው። የሌላውን ሰው ገንዘብ በራስ ስም መስጠት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሀብታሞች ሠራተኞቻቸውን መጠቀሚያ እያደረጉ ገንዘብ እንዳይደብቁ የወጣ ሕግ ነው።

በርክሌ ሊቀመንበራችን ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና «ተይው እባክሽ» አሉኝ። «እኛን ማን ያየናል? ሌሎቹ ስንት ሚሊዮን እያፈሰሱ!»

«ጋሼ፣ ፊርማው እኮ የኔ ነው። በሐሰት ብፈርም እንደምከሰስ ከሥሩ ተጽፏል።»

«አንድ ሽማግሌ ላይ ምርመራ ልትከፍቺ ነው?»

«እኔ አይደለሁም የምከፍተው» አልኳቸው።

ሐጂን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። «ልክ ያልሆነ ነገር ካለ አስተካክይው። ወረቀት ላይ ሐሰት ተጽፎብኝ ዜግነት አልጠይቅም» አሉኝ። ስለዚህ ሪፖርቱን አርሜ እንደገና አስገባሁ፣ ገንዘቡን ለሐጂ መለስኩ፣ የሆነውንም ሁሉ የምርጫ ገንዘብ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጽፌ ላክሁ። አንድ ሰው እውነቱን ራሱ ከተናገረ ነገሩ በቀላሉ ያልቃል ብዬ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፋይል እንደተከፈተ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። የሐጂ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ደብዳቤውን እንዳየ የዜግነት ማመልከቻውን አስቆመው። ማመልከቻው ስለ መልካም ጠባይ ይጠይቃል፤ ክፍት ምርመራ እያለ ካስገባችሁት ሊወድቅ ይችላል፣ እስኪዘጋ ጠብቁ አለ። የልጅቷ ልደት ግን አይጠብቅም።

መርማሪዋ በስልክ አነጋገረችን። ሐጂ ቢሮዬ መጡና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ አስተረጎምኩ። ጨዋ ልጅ ነች፣ ድምጿ ወጣት ነው። ገንዘቡን ማን ማን እንደሰጠ ጠየቀች።

«ወላሂ አላየሁም» አሉ ሐጂ።

አብረው ቆመው እንዴት ሳያዩ እንደቀሩ ጠየቀች።

«ፊቴን አዙሬ ነበር። ሰው ሲሰጥ አይታይም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። የምትጽፍበት ኪቦርድ ይሰማኛል። ከዚያ «ስለዚህ ሰጪዎቹን ላለማወቅ ሆን ብለው ፊታቸውን አዞሩ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ማለት ነበረብኝ፣ አዎ አልኩ። ስለ ወጉ ላስረዳት ሞከርኩ፤ በትሕትና አዳምጣ፣ እጽፈዋለሁ አለችኝ። ትርጉሜ ልክ ነበር፤ እሷም የሰማችው ልክ ነበር። የሰውየው ጨዋነት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲነበብ የሌባ ዘዴ ሆነ።

ሾፌሮቹ ቀርበው ሰጥተናል ቢሉ ነገሩ ይቀል ነበር። ሜዳው ሄጄ በየመኪናው ለመንኳቸው። አንዱ ግሪን ካርዱ ገና ስለሆነ ፈራ። ሌሎቹ ግን ፍርሃትም አልነበረባቸውም። «ሰጥቻለሁ ብዬ ስሜን አስጽፌ የአላህን ምንዳ ላጣ?» አለኝ አንዱ፣ የሚያስነውር ነገር የጠየቅኩት ያህል ተገርሞ። ተናድጄ የልጅቷን ነገር ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ሐጂ ከኋላዬ መጥተው «ሰው አታስጨንቂብኝ» አሉኝ። ለእሳቸው ስል የልጅቷን ነገር ተውኩት።

በዚያው ሰሞን የፖስታ ሳጥኔ በአንጸባራቂ ወረቀት ተሞላ። የኛን ዕጩ የሚያጠቁ ናቸው፤ ከተማውን ለወንበዴ አሳልፋ ልትሰጥ ነው ይላሉ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሥዕልም አለባቸው። ከታች በደቃቁ የከፈለው ኮሚቴ ስም ሰፍሯል፤ ቤተሰብ፣ ሰላም፣ ነገ የሚሉ ቃላት የተሰካኩበት ስም። ሥራዬ ነውና ማን እንደሆነ ልየው ብዬ ሪፖርቱን አወጣሁት። ገንዘቡን የሰጠው ሌላ ኮሚቴ ነው፤ እሱም የሚያምር ስም አለው። የዚያኛውን ከፈትኩ፤ የሰጠው ሌላ ኮሚቴ ነው። የመጨረሻውን ከፈትኩ፤ የሰጠው አንድ ማኅበር ነው፣ አባላቱንም የሚያሳይ ዝርዝር ፈልጌ አጣሁ። አንድም ስሕተት የለበትም። ሁሉም በጊዜው ገብቷል፣ ሁሉም ተፈርሟል። እንዲያውም ከኔ ሪፖርት ይልቅ ንጹሕ ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ብቻዬን ተሳደብኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሰው እንዳያፍር ፊቱን ያዞረው ሰው ስሙ ከነከተማው ተለጥፏል። ስማቸው እንዳይታወቅ ጠበቃ ቀጥረው ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ የደረቡት ደግሞ ሕግ አክባሪ ናቸው።

ዕጩዋ ተሸነፈች። ሊቀመንበራችን ትግሉ ይቀጥላል የሚል መግለጫ ጻፉ፤ ኮሚቴው ግን ዳግመኛ አልተሰበሰበም። አፑም ሾፌሮቹ ላይ መዘጋቱን አላቆመም። የሐጂ ፋይል እንደተከፈተ ቆየ። በደወልኩ ቁጥር በወረፋ እየታየ ነው ይሉኛል፤ በትሕትና ነው የሚሉኝ። የልጅቷ ልደት አለፈ። ያን ቀን ሐጂ አልደወሉልኝም፣ እኔም አልደወልኩም።

የመዝጊያው ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጣት የለውም። ድርጊቱ ሕግ የጣሰ ቢሆንም ለግል ጥቅም ታስቦ አለመደረጉን፣ ገንዘብ ያዥዋም ራሷ ማሳወቋን አይተን በማስጠንቀቂያ አልፈነዋል ይላል። ለኔ ምስጋና ቢጤ አለበት። ለሕዝብ ግልጽ ነውና ደብዳቤው ከነስማቸው ኢንተርኔት ላይ ወጣ።

ልጅቷ አባቷ ቀድሞ በሰጧት ቁጥሬ ከኮምቦልቻ የደወለችልኝ ያኔ ነው። የአባቷን ስም ፈልጋ ደብዳቤውን አግኝታዋለች፤ ስልኳ እንደነገሩ ተርጉሞላታል። ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባዬ ምን ሰርቆ ነው?»

«ምንም አልሰረቁም ልጄ» አልኳትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ፌስታሉን፣ ቼኩን፣ እኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እኔ የቀረሁት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ሽማግሌ የላከ ሰው እንዳለ፣ አክስቷም ስንት ጊዜ ይመለስ እያለች እንደምትጨቀጭቃት ነገረችኝ። አሜሪካ እሄዳለሁ እያለች ስትመልሳቸው ቆይታለች፤ አሁን እሺ ልትል ነው። ሳታገባ መቆየት እንዳለባት፣ ካገባች በአባቷ ግሪን ካርድ የተከፈተው ፋይል እንደሚዘጋ፣ እሳቸው ኋላ ዜጋ ቢሆኑ እንኳ የባለ ትዳር ልጅ ወረፋ በዕድሜያቸው የሚደርስ እንዳልሆነ ነገርኳት።

«አውቃለሁ። ለሱ መንገር ስላቃተኝ ነው እርስዎ ዘንድ የደወልኩት» አለችኝ።

ለሐጂ ደወልኩ። ተራ እየጠበቁ ነበር። ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። መኪናቸውን አንድ ተራ ወደ ፊት ሲያስጠጉ ተሰማኝ፤ ከዚያ ጠየቁኝ።

«ልጁ ሥራ አለው?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ጠይቂልኝ እስቲ። እኔ ከደወልኩ ጠብቂኝ የምላት ይመስላታል።»