መድኃኒቱ የሚነቃበት ቦታ

ካርቱም ፋርማሲ በማጠናበት ጊዜ የመመረቂያ ሥራዬ እጢ ውስጥ ሲደርስ ብቻ የሚሠራ የካንሰር መድኃኒት መንደፍ ነበር። መርዛማውን ሞለኪውል በሌላ ሞለኪውል አስረን እንልከዋለን፤ ማሰሪያውን የሚፈታው እጢ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ኢንዛይም ነው። ሁለት ዓመት ለፍቼ የረባ ነገር አላወጣሁም። አፌ ግን አላረፈም፤ ለእረፍት ገዳሪፍ በመጣሁ ቁጥር ስለዚሁ ስደሰኩር ቤተሰቡን አሰለቸሁ።

አክስቴ የጡት ካንሰር ሲይዛት ካርቱም ሐኪም ዘንድ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ዐረብኛዋ ለገበያ ይበቃል፣ ለሐኪም አይበቃም። የታዘዘላት እንክብል እኔ ከምለፋበት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። የታመመች አክስቴን አጠገቤ አስቀምጬ ፈነደቅሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

የማስተረጉመውም እኔው ነበርኩ። «መድኃኒቱ ተኝቶ ነው የሚገባው፤ የሚነቃው በሽታው ያለበት ቦታ ብቻ ነው» አልኳት። ሐኪሙ መዳፍና የውስጥ እግር ሊያቃጥል፣ ሊልጥም እንደሚችል፣ ያኔ ቶሎ እንድትደውልለት ተናግሯል። እሱን ዘለልኩት። አልረሳሁትም። ኢንዛይሙ በመጠኑ ሌላም ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ያ ወሬዬን ያበላሽብኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ለዒድ ስመለስ አክስቴ መዳፏንና እግሯን ጥቁር ሂና ተቀብታ አገኘኋት። ጎረቤቱ ሁሉ ሂናውን አይቶ ተሻላት ብሎ ተደስቷል። እጇን ለሰላምታ አትሰጥም፤ የወንድሜን ጨቅላ ልጅ ያዢ ሲሏት ትሸሻለች። ሙሽራዋ ሂናዋ እንዳይነካባት ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

እኔ ግን መዳፏን ሳይ ሐኪሙ ያለው ትዝ አለኝ። ጓዳ ወሰድኳት። ከሂናው ሥር ቆዳዋ ተልጦ፣ በየመሐሉ ቀልቷል።

«ወላሂ ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጄም እግሬም ገብቷል። በሽታው ያለበት ነው የሚነቃ ብለሽኝ የለ?»

ሕፃኑን የማትይዘው እንዳይተላለፍበት ፈርታ ነበር። ካንሰር በመንካት እንደማይተላለፍ፣ ቆዳዋንም የላጠው መድኃኒቱ ራሱ እንደሆነ ነገርኳት። ሐኪሙ ጋ ስንደውል ለጥቂት ቀናት እንድታቆም፣ ከዚያ መጠኑን ቀንሳ እንድትቀጥል አዘዘ። ለሳምንታት በሽታው ሰውነቷን እንደወረሳት አምና፣ ሱቋ ተቀምጣ ሰሊጥ ስትሰፍር ከርማለች።

ምሳ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሕፃኑን ታቅፋ እየሳቀች ታሪኩን አወጋች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «እሷማ ደህና አድርጋ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

አባቴ ተቆጣት፤ የተማረ ሰው ሲናገር በደንብ ማዳመጥ ነው አላት። እሷም ልክ ነህ አለችው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምሳዬን በላሁ።